ቹኩፓን፦ በአንዲት የጃቫ መንደር የሚበቃ መሬት

ቶልስቶይ በ1886 ባሳተመው አንድ አጭር ታሪክ ውስጥ ለሰው ምን ያህል መሬት እንደሚያስፈልገው ጠይቆ ነበር። ገበሬው ፓሆም ፀሐይ ከመጥለቋ በፊት በእግሩ የዞረውን መሬት ሁሉ እንደሚወስድ ቃል ተገብቶለት ሲሮጥ ዋለ፤ በመጨረሻ የደረሰው ግን ሬሳው የምታርፍበት ጉድጓድ ብቻ ነበር። ታሪኩ ስግብግብነትን ለመገሠጽ የተጻፈ ነውና መልሱ ትክክል ነው። ነገር ግን ጥያቄው ለድኻ ቢቀርብስ? መሮጡ ቀርቶ መቆሚያ ለሌለው ሰው «ምን ያህል ይበቃሃል?» ቢሉት ምን ይመልሳል? ይህ ጥያቄ በልብወለድ ሳይሆን በእውን የተጠየቀባት አንዲት መንደር አለች። ስሟ ስሪሃርጆ ይባላል፤ የምትገኘውም በኢንዶኔዥያ፣ በጃቫ ደሴት፣ ከዮግያካርታ ከተማ በስተደቡብ፣ በባንቱል አውራጃ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጠያቂዎቹ ሁለት ነበሩ። አንደኛው ማስሪ ሲንጋሪምቡን ይባላል፤ ከሰሜን ሱማትራው የካሮ ሕዝብ የተወለደ፣ ኋላም በዮግያካርታ የጋጃ ማዳ ዩኒቨርሲቲ የሕዝብ ጥናት ማዕከልን የመራ አንትሮፖሎጂስት ነው። ሁለተኛው አውስትራሊያዊው የግብርና ኢኮኖሚ ምሁር ዴቪድ ፔኒ ነው። በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ መባቻ ያጠኑትን በ1973 በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ በኩል አሳተሙ። የመጽሐፉ ርእስ በግርድፉ «የሕዝብ ብዛትና ድኽነት በገጠር ጃቫ» የሚል ሲሆን፣ ዝቅ ብሎ «ከስሪሃርጆ የተወሰደ ጥቂት የኢኮኖሚ ስሌት» ይላል። እውነትም ስሌት ነው። ስንት ማሳ፣ ስንት ዛፍ፣ ስንት የሥራ ቀን እያሉ ቆጥረዋል። ከቁጥሩ ሁሉ ይልቅ በአንባቢ ልብ ውስጥ የሚቀረው ግን መንደርተኞቹ የሰጧቸው አንድ ቃል ነው፤ «ቹኩፓን»።

ቹኩፓን ማለት «የበቃው» ማለት ነው። ሀብታም ማለት አይደለም። ቹኩፓን የተባለ ቤተሰብ ዓመት የሚያደርስ የሩዝ ማሳ፣ ፍሬና ቅጠል የሚለቅምበት ጓሮ፣ ደህና ቤትና ጥማድ ከብት ያለው ነው፤ ለጎረቤት ድግስ እጁ የማያጥረው፣ ለዕለት ጉርሱ የሰው ደጅ የማይጠና ነው። ለዚህ ምን ያህል መሬት እንደሚያስፈልግ ሲጠየቁ መንደርተኞቹ የሰጡት መልስ ማሳውና ጓሮው ተደምሮ ከአንድ ሄክታር ብዙም የማይርቅ ነበር፤ በእኛ አባባል አራት ጥማድ ያህል መሆኑ ነው። ይህን ያህል የነበራቸው ሰዎች ግን እጅግ ጥቂት ነበሩ። የአብዛኛው ቤተሰብ የሩዝ ማሳ የሄክታር ሩብ እንኳ አይሞላም፤ ጭራሽ ማሳ ያልነበረውም ብዙ ነው። እንግዲህ ሕልማቸው ይህን ያህል ትንሽ ነበር፤ ትንሹም ሕልም ለብዙው ሰው የማይደረስበት ነበር።

የመንደሪቱ ስም ራሱ ምፀት አለበት። «ስሪ» የሩዟ እመቤት የዴዊ ስሪ ስም ሲሆን «ሃርጆ» ብልጽግና ማለት ነው። መንደሪቱ ኦዮ በተባለው ወንዝ አጠገብ ትገኛለች፤ በስተምሥራቋ ደረቁ የጉኑንግ ኪዱል የኖራ ድንጋይ ተራራ ይነሣል። ከዚያው ሳይርቅ፣ በኢሞጊሪ ኮረብታ አናት ላይ፣ ሱልጣን አጉንግ በ17ኛው መቶ ዘመን ያሠራው የነገሥታት መቃብር አለ። የዮግያካርታም የሱራካርታም ነገሥታት የሚቀበሩት እዚያ ነው። ከኮረብታው ሆኖ ቁልቁል ለሚመለከት ሰው ሜዳው እንደ መስተዋት በሚያብረቀርቅ ውኃ የተከፋፈለ ይመስላል፤ መንደሩ ግን አይታይም። የሚታየው በሩዙ ባሕር መካከል እንደ ደሴት የቆመ ጥቅጥቅ ያለ ዛፍ ነው። ቤቶቹ ያሉት ከዛፉ ሥር ነው።

የጃቫ ገበሬ መሬቱን በሦስት ስም ይጠራዋል። ውኃ የሚተኛበት የሩዝ ማሳ «ሳዋህ» ነው፤ ዝናብ ብቻ የሚጠብቀው ደረቅ እርሻ «ተጋል» ነው፤ ቤቱን የከበበው ጓሮ ደግሞ «ፔካራንጋን» ይባላል። ለውጭ ሰው ጓሮው ዱር ይመስለዋል። ቀረብ ብሎ ላየው ግን አንዲት ስንዝር ያለ ሥራ አልተተወችም። ከላይ ኮኮናት፣ ከሥሩ ሙዝና ፓፓያ፣ ከዚያ በታች ካሳቫና ጎደሬ፣ በአጥሩ ዳር ቀርከሃ፣ በመካከሉ ዶሮና ፍየል፣ ምናልባትም ትንሽ የዓሣ ኩሬ ይገኝበታል። ማሳው በዓመት ሁለት ጊዜ ወይም ሦስት ጊዜ ይሰጣል፤ ጓሮው ግን በየቀኑ ይሰጣል። የድኻ ጎተራ ጓሮው ነው።

ስለ ንብረት የምንነጋገር ከሆነ ትልቁ ትምህርት ያለው እዚህ ጓሮ ውስጥ ነው። እኛ «ርስት» ስንል መሬቱን፣ ቤቱን፣ ዛፉን፣ ሣሩን ሁሉ አንድ አድርገን እናስባለን። በጃቫ ልማዳዊ ሕግ ግን መሬቱ የአንዱ፣ በላዩ የቆመው ቤት የሌላው፣ ከቤቱ ጎን ያለው የኮኮናት ዛፍም የሦስተኛው ሰው ሊሆን ይችላል። ቤቱ ከእንጨት ተገጣጥሞ የሚሠራ ነውና ይፈታል፤ ተፈትቶም ይሸጣል፤ ገዢውም ተሸክሞ ወስዶ በሌላ ቦታ ይተክለዋል። ስለዚህ ቤት ተንቀሳቃሽ ንብረት ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። ጓሮ የሌለው ሰው በሌላው ጓሮ ውስጥ ቤቱን አቁሞ ይኖራል፤ ለዚህም ኪራይ በገንዘብ ላይከፍል ይችላል፤ ድግስ ሲኖር ውኃ በመቅዳት፣ እንጨት በመፍለጥ፣ በአጨዳ ጊዜ ቀድሞ በመገኘት ግን ይከፍለዋል።

ከዛፉ የሚኖሩም አሉ። በስሪሃርጆ ማሳ የሌላቸው ድኾች የኮኮናት ስኳር ያበስሉ ነበር። ባልየው ጠዋትና ማታ ረጅሙን ዛፍ እየወጣ ከአበባው ዘንግ የሚንጠባጠበውን ፈሳሽ ያወርዳል፤ ሚስቲቱ ፈሳሹን ለሰዓታት አፍልታ ታወፍረውና በኮኮናት ቅርፊት ቅርጽ አውጥታ ወደ ገበያ ትወስደዋለች። ዛፉ የራሳቸው ካልሆነ ፈሳሹን ከባለዛፉ ጋር በቀን ተከፋፍለው ይወስዳሉ። ከዛፍ መውደቅ የታወቀ የሞት ምክንያት ነው። ከልፋቱ አንጻር ገቢው እጅግ አነስተኛ እንደ ነበር ሲንጋሪምቡንና ፔኒ ቆጥረው አሳይተዋል። «ታዲያ ለምን ይሠሩታል?» ለሚል ሰው መልሱ አጭር ነው፤ ሌላ ስለሌላቸው ነው።

ይህ ሁሉ ከየት መጣ? ወደ ኋላ እንመለስ። በጥንቱ የማታራም መንግሥት፣ ኋላም በ1755 በተከፈሉት በዮግያካርታና በሱራካርታ ቤተ መንግሥቶች ሥርዐት መሠረት መሬት ሁሉ የንጉሡ ነበር። ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ እንደሚባለው ነው። ንጉሡ ለዘመዶቹና ለሹማምንቱ ደመወዝ በመስጠት ፈንታ መሬት ይመድብላቸው ነበር፤ ይኸውም «ሉንጉህ» ይባላል፤ የኛን ጉልት የሚያስታውስ ነው። ባለ ሉንጉሁ በከተማ ስለሚኖር በመንደሩ «በከል» የሚባል ግብር ሰብሳቢ ያቆማል። ምርቱ ለአምስት ይከፈላል፤ ሁለት እጅ ለባለ ሉንጉሁ፣ አንድ እጅ ለበከሉ፣ የቀረው ሁለት እጅ ለአራሹ። በዚህ ላይ መንገድ መጥረግ፣ ድልድይ መሥራት፣ የመኳንንቱን ግቢ መጠበቅ የአራሹ ዕዳ ነበር።

በ19ኛው መቶ ዘመን የአውሮፓ ባለሀብቶች መጡ። በተቀረው ጃቫ የሆላንድ መንግሥት በ1830 በገዢው ቫን ደን ቦሽ አማካይነት ገበሬውን ለአውሮፓ ገበያ የሚሆን ስኳር፣ ቡናና ኢንዲጎ እንዲያመርት አስገደደው። በነገሥታቱ ግዛት የሆነው ግን ከዚህ የተለየ ነበር፤ ባለሀብቶቹ ሉንጉሁን ከመኳንንቱ ተከራዩ፤ ከመሬቱም ጋር የገበሬውን ጉልበት ተረከቡ። ባንቱል የስኳር አገር ሆነች። ማሳው ለሁለት ይከፈልና በአንደኛው ግማሽ የፋብሪካው ሸንኮራ፣ በሌላው የገበሬው ሩዝ ይተከላል፤ ሸንኮራው ሲነሣ ግማሾቹ ቦታ ይለዋወጣሉ። ገበሬው የራሱ ያለውን ማሳ በአንድ ዘመን ያርሰዋል፤ በሌላው ዘመን በዚያው ማሳ ላይ የፋብሪካው ሠራተኛ ይሆናል። ማሳው ሳይንቀሳቀስ ባለቤቱ ይለወጥ ነበር።

በ1910ዎቹ በተደረገው ለውጥ የሉንጉህ ሥርዐት ተሻረ፤ መንደሮች በሉራህ (በመንደር ሹም) የሚተዳደሩ አካላት ሆኑ። በ1918 የወጣው የሱልጣኑ ደንብ ግን ማንም የባለቤትነት ማስረጃ የሌለበት መሬት ሁሉ የሱልጣኑ መሆኑን አጸና። ገበሬው የመጠቀምና የማውረስ መብት አገኘ፤ ከመብቱ ጋርም ማዕረግና ዕዳ ተሰጠው። ማሳም ጓሮም ያለው ሰው ሙሉ «ኩሊ» ተባለ፤ የግብሩም የጉልበት ሥራውም ሙሉ ተሸካሚ እሱ ነው፤ በመንደሩ ጉባኤ ድምፅ ያለውም እሱ ነው። ጓሮ ብቻ ያለው ከእሱ ዝቅ ይላል። በሰው ጓሮ ላይ ቤት የሠራው ከዚያ በታች ነው። በሰው ቤት ውስጥ የሚጠጋው ደግሞ የመጨረሻው ነው፤ እሱ ከመንደሩ ይቆጠራል ለማለትም ያስቸግራል። ሉራህና ረዳቶቹ በደመወዝ ፈንታ ከመንደሩ ምርጥ ማሳ ተከፍሎ ይሰጣቸዋል፤ ሹመት ሲያበቃም ለጡረታ የሚሆን ቁራሽ ይተውላቸዋል። ይህ ቁራሽ ከብዙ መንደርተኞች ጠቅላላ ንብረት ይበልጥ ነበር።

ከ1945ቱ የነጻነት አዋጅ በኋላ ሱልጣን ሀመንግኩቡዎኖ 9ኛ አንድ ነገር አደረጉ። ሪፐብሊኩን ደግፈው በመቆማቸው የሚታወቁት እኚህ ንጉሥ ትንንሾቹን መንደሮች እያዋሐዱ ትልልቅ አደረጓቸው፤ ሉራህ የመምረጥ መብትንም መሬት ላላቸው ብቻ ሳይሆን ለአካለ መጠን ለደረሱ ነዋሪዎች ሁሉ ሰጡ። ከዚያም በ1954 የወጣው የዮግያካርታ ደንብ ገበሬው የያዘው መሬት ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ የግል ንብረቱ መሆኑን አወቀለት። በሰው ጓሮ የሚኖረው ድኻ ድምፅ አገኘ። መሬት ግን አላገኘም።

የተገኘችውም መሬት ከትውልድ ወደ ትውልድ እየተሸነሸነች ሄደች። በጃቫ ሴት ልጅም ወንድ ልጅም ይወርሳሉ። አከፋፈሉ ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው «ሐብሐቡን መሰንጠቅ» ይባላል፤ ለሁሉም እኩል ማለት ነው። ሁለተኛው ከሸክም የተወሰደ ነው፤ ወንዱ በትከሻው በመሸከሚያ እንጨት ሁለት ቅርጫት ይሸከማል፣ ሴቷ በጀርባዋ አንድ ታዝላለች፤ ስለዚህ ለወንዱ ሁለት እጅ፣ ለሴቷ አንድ እጅ። የትኛው እንደሚሠራበት የሚወስኑት ብዙ ጊዜ ወላጆቹ ናቸው፤ የወላጆቹ ቤት እስከ መጨረሻው ለጦራቸው ልጅ ይተውለታል። ባልና ሚስት በትዳር ያፈሩት የጋራ ነው፤ ይዘው የመጡት ግን በፍቺ ጊዜ ለየራሳቸው ይመለሳል። ሥርዐቱ ፍትሐዊነት አለው። ሆኖም የጃቫ ሕዝብ በ1930 ወደ 42 ሚሊዮን፣ በ1971 ወደ 76 ሚሊዮን፣ በ2020 ወደ 151 ሚሊዮን የደረሰ ሕዝብ ነው። ሐብሐብ በሚገባ እኩል እየተቆረጠ በመጨረሻ ቅርፊት ብቻ ይተርፋል።

ታዲያ ሰዉ እንዴት ኖረ? የኖረው ከመሬቱ ይልቅ ከምርቱ ድርሻ በማግኘቱ ነው። መሬት የሌለው መሬት ካለው ሰው ጋር በእኩል ያርሳል፤ ይህም «ማሮ» ይባላል። መሬት ፈላጊ ሲበዛ ከሦስት እጅ አንዱን ብቻ ወስዶ ያርሳል፤ ይህም «መርተሉ» ነው። ገንዘብ የቸገረው ማሳውን በወለድ አገድ ይሰጥና ዕዳውን እስኪከፍል አበዳሪው ያርሰዋል፤ አንዳንዴም የገዛ ማሳውን ለአበዳሪው በእኩል ያርሳል። ከሁሉ በላይ ግን አጨዳ ነበር።

በጃቫ ሩዝ የሚያጭዱት ሴቶች ነበሩ። የሚያጭዱበትም መሣሪያ «አኒ-አኒ» ይባላል፤ ትንሽ ስለት ያላት፣ በመዳፍ ውስጥ የምትደበቅ ቢላዋ ናት። ዴዊ ስሪ ስለቱን አይታ እንዳትደነግጥ ነው ይላሉ። ዛላው አንድ በአንድ ይቆረጣል። አጨዳው ከመጀመሩ በፊት «ዊዊታን» የሚባለው ሥርዐት ይፈጸማል፤ ከማሳው ጥቂት ዛላ ተቆርጦ እንደ ሙሽራና ሙሽሪት ታስሮ ወደ ቤት ይገባል፤ ምግብ ቀርቦም ጎረቤት ይቀምሳል። ከዚያ በኋላ ሴቶቹ በብዛት ይመጣሉ። ያልተጠራችም ትመጣለች፤ ባለማሳው የመጣችውን መመለስ ነውር ነው። ሁሉም ያጨደችውን ነዶ ተሸክማ ወደ ባለማሳው ግቢ ታመጣለች፤ ድርሻዋም «ባዎን» እዚያ ይለካላታል። ድርሻው ለሁሉ እኩል አይደለም፤ ዘመድ የሆነች ብዙ፣ ጎረቤት የሆነች ከሷ ያነሰ፣ ከሩቅ የመጣች ትንሽ ታገኛለች። ባለማሳዪቱ የአንዷን ነዶ ቀጠን፣ የሌላዋን ወፈር አድርጋ የምትሰጥበት እጅ የመንደሩን ዝምድናና ውለታ ሁሉ ያውቃል።

አሜሪካዊው ክሊፎርድ ጊርትዝ በ1963 ባሳተመው ታዋቂ መጽሐፉ ይህን ዓይነቱን ኑሮ «ድኽነትን መካፈል» ብሎ ጠራው። ሩዙ ብዙ እጅ በጨመረ ቁጥር ጥቂት እየጨመረ ይሰጣል፤ መንደሩም ለእያንዳንዱ ትንሽ ትንሽ እየቆረሰ ማንም ሳይወድቅ፣ ማንም ሳይነሣ ይኖራል፤ ይላል። ሐሳቡ ያማረ ነው፤ ስለዚህም ብዙ ተጠቅሷል። ከእሱ በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ግን ወደ ግቢው ጠጋ ብለው ሲመለከቱ ነገሩ ሌላ መልክ እንዳለው አዩ። አን ስቶለርና ቤንጃሚን ዋይት በ1970ዎቹ ከዮግያካርታ በስተምዕራብ በኩሎን ፕሮጎ ባጠኑት መንደር ማሳ ያለው ሰው ማሳውን ብቻ ሳይሆን የአጨዳውን በርም ይዟል። ለአንዷ ከፍቶ ለሌላዋ ገርበብ ያደርገዋል፤ በምላሹም ርካሽ ጉልበትና ታማኝነት ያገኛል። ድኽነቱን የተካፈሉት ድኾቹ ናቸው፤ መሬቱን የተካፈላቸው የለም።

ይህም ሆኖ ባዎን መብት ነበር። በመዝገብ አልሰፈረም፤ ማኅተም የለውም፤ ነገር ግን ማሳ የሌላት ሴት አኒ-አኒዋን ይዛ ስትመጣ ልመና እየመጣች አልነበረም። የሚገባትን ልትወስድ ነው የመጣችው። ንብረት ማለት ሌላውን የማስወጣት መብት ነው የሚሉ የሕግ ሰዎች አሉ። በዚያ መንደር ግን ያለመውጣት መብትም ንብረት ነበር።

መዝገቡም በበኩሉ ተሞክሯል። በመስከረም 1960 የወጣው የኢንዶኔዥያ መሠረታዊ የመሬት ሕግና ተከታዮቹ ደንቦች የቅኝ ገዢውን ሕግ ሽረው የይዞታ ጣሪያ አበጁ፤ ሕዝብ በታጨቀባቸው አውራጃዎች ለአንድ ቤተሰብ ከ5 ሄክታር በላይ የሩዝ ማሳ አይፈቀድም። ሰባት ዓመትና ከዚያ በላይ በወለድ አገድ የቆየ ማሳ ያለ ክፍያ ለባለቤቱ እንዲመለስ ታዘዘ። በእኩል አራሽም ከሩዝ ማሳ ግማሹን እንዲያገኝ ሕግ ወጣለት። ሕጉ ጥሩ ነበር፤ አፈጻጸሙ ግን ተጎተተ። ባለመሬቶች ትርፉን መሬት በዘመድ ስም አዛወሩ። ከ1963 ማብቂያ ጀምሮ ለኮሙኒስት ፓርቲው ቅርበት ያለው የገበሬዎች ግንባር አባላቱን አሰልፎ መሬቱን በራሳቸው እጅ እንዲይዙ አደረገ፤ በማዕከላዊና በምሥራቅ ጃቫ መንደር ከመንደር ተጋጨ። በጥቅምት 1965 በጃካርታ ከተደረገው የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በኋላ ጦሩ ሥልጣን ሲይዝ የተከተለው እልቂት ቢያንስ ግማሽ ሚሊዮን ሰው እንደ ፈጀ የታሪክ ጸሐፊዎች ይገምታሉ። ከሟቾቹ ብዙዎቹ በገጠር የነበሩ፣ መሬት የጠየቁ ወይም ከጠየቁት ጋር የተቆጠሩ ሰዎች ነበሩ። ከዚያ ወዲያ ለሦስት ዐሥርት ዓመታት «የመሬት ሥሪት ለውጥ» የሚለውን ቃል ጮክ ብሎ መናገር ራሱ አስፈሪ ሆነ። ሲንጋሪምቡንና ፔኒ በስሪሃርጆ ሲቆጥሩ የነበረው ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ ጥቂት ዓመታት ቆይተው ነው። መንደርተኞቹ ስለ «የሚበቃ» እንጂ ስለ «የሚገባ» አለመናገራቸው ከዚህ ጋር አብሮ ሊነበብ ይገባል።

ቀጥሎ የመጣው ለውጥ ጥይት አልነበረውም። በ1960ዎቹ መጨረሻ ከፊሊፒንስ የሩዝ ምርምር ተቋም የወጡት አጫጭር፣ ፈጥነው የሚደርሱ ዝርያዎች ከማዳበሪያና ከብድር ጋር ወደ ጃቫ ገቡ። ምርቱ በእርግጥ ጨመረ። ቡናማዋ የሩዝ ነፍሳት በ1970ዎቹ ማሳዎችን ካወደመች፣ ፀረ ተባዩም ጠላቶቿን ገድሎ እሷን እንዳበዛት ከታወቀ በኋላ፣ በ1986 መንግሥት 57 ዓይነት መርዝ በሩዝ ማሳ ላይ እንዳይረጭ ከለከለ። ከዚያ በፊት በ1984 አገሪቱ በሩዝ ራሷን መቻሏን አውጃ ነበር፤ ፕሬዚዳንት ሱሃርቶም በዓመቱ ሮም ድረስ ሄደው ከዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ክብር ተቀበሉ።

በመንደር ግን ሌላ ታሪክ ነበር። አጫጭሮቹ ዝርያዎች በአንድ ጊዜ ይደርሳሉ፤ በአኒ-አኒ አንድ በአንድ መቁረጥ አያስፈልግም፤ ማጭድ ይበቃል። ማጭድ ደግሞ የወንዶች ሆነ። በአንድ በኩል ከዘነዘናው ይልቅ ወፍጮው ረከሰ፤ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሞተር ያላቸው ትንንሽ የሩዝ ወፍጮዎች በየመንደሩ ተተከሉና ሴቶች ሩዝ ወቅጠው ያገኙት የነበረው ድርሻ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ጠፋ። በሌላ በኩል «ተባሳን» መጣ። ባለማሳው ሩዙ ቆሞ ሳለ፣ አጨዳው ሊደርስ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ ለነጋዴ ይሸጠዋል። ነጋዴው የራሱን አጫጆች፣ ማጭድና ሚዛን ይዞ ይመጣል።

ባለማሳው ለምን ራሱ አላሳጨደም? ምክንያቱ ሒሳብ ብቻ አይደለም፤ ዐይን ጭምር ነው። መቶ ሴቶች ሲመጡ «ሠላሳችሁ ብቻ ግቡ» ማለት ለሱ ያሳፍረዋል፤ ነገ በሠርግና በለቅሶ ይገናኛሉ። ነጋዴው ግን የሌላ ቦታ ሰው ነው፤ የሚያሳፍረው ጎረቤት የለውም። ስለዚህ ባለማሳው የሸጠው ሩዙን ብቻ አልነበረም፤ እምቢ የማለትንም ሥራ ለነጋዴው ሰጠው። በዚህ መንገድ ማንም ሳይሰርዘው፣ ማንም ሳይቃወመው፣ በመዝገብ ያልሰፈረው መብት ከመንደሩ ወጣ። የተሰረዘበት ቀን ስለሌለ መታሰቢያም የለውም።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ይህ ጽሑፍ ሙሾ ብቻ በሆነ ነበር። ሲንጋሪምቡን በኋለኞቹ ዐሥርት ዓመታት ወደ ስሪሃርጆ ተመልሶ ሲያይ ግን በአጠቃላይ ሰዉ ከቀድሞው የተሻለ እንደሚኖር አገኘ። መሬቱ አልጨመረም። ሰዉ ከመሬቱ ውጭ እንጀራ አገኘ እንጂ። መንገዱ ተሠራ፤ ብስክሌቱ በሞተር ብስክሌት ተተካ፤ ወንዶቹ በዮግያካርታና በጃካርታ ግንበኛና የቀን ሠራተኛ ሆኑ፤ ሴቶቹ ነገዱ፤ ልጆች ተማሩ፤ የልጆችም ቁጥር ቀነሰ። አኒ-አኒዋን የጣለችው ሴት ልጇን ለማስተማር ዕድል አገኘች። ይህን ሳያዩ ያለፈውን ዘመን ማቆላመጥ ፍርደ ገምድልነት ነው፤ በዛፍ ላይ ሲወጡና ሲወርዱ ዕድሜያቸውን ለጨረሱት ሰዎችም አክብሮት ማጣት ነው።

የብልጽግናው ምልክት የጡብ ቤት ነበር። የቀርከሃው ግድግዳ እየቀረ ጡብ ተገነባ። ግንቦት 27 ቀን 2006 ማለዳ፣ ሰዉ ገና ከእንቅልፉ ሳይነሣ፣ ባንቱልን የመታው የመሬት መንቀጥቀጥ በአካባቢው ከ5,700 በላይ ሰዎችን ገደለ። ኢሞጊሪና ዙሪያዋ ክፉኛ ከተጎዱት መካከል ነበሩ። ከሟቾቹ ብዙዎቹን የገደላቸው ብረት ያልገባበት የጡብ ግድግዳ ነው፤ አሮጌዎቹ የእንጨትና የቀርከሃ ቤቶች ግን ብዙዎቹ ተወዛውዘው ቆሙ። ከዚያ በኋላ የሆነው ለታሪክ የሚቀር ነው። የመንግሥት ገንዘብ ለየቤቱ ሳይሆን በጎረቤታሞች ቡድን በኩል ተሰጠ፤ ጎረቤታሞቹም ተራ ወጥተው በየተራ የአንዱን ፍርስራሽ ጠረጉ፣ የአንዱን ቤት አቆሙ። በእኛ ቋንቋ ደቦና ወንፈል የምንለው ነው፤ እነሱ «ጎቶንግ ሮዮንግ» ይሉታል። በአጨዳው ማሳ ላይ ሞቷል የተባለው ልማድ በፍርስራሹ ላይ ተገኘ።

ዛሬ መሬቱ እየተለካ የምስክር ወረቀት ይሰጠዋል። ከ2017 ወዲህ መንግሥት በመላ አገሪቱ ቁራሽ መሬትን ሁሉ ለመመዝገብ ሰፊ ዘመቻ ሲያካሂድ ቆይቷል። በ2012 የወጣው የዮግያካርታ ልዩ ሕግ ደግሞ ሱልጣኔቱ መሬት ሊኖረው የሚችል ሕጋዊ አካል መሆኑን አውቆለታል፤ የንጉሥ መሬት የሚለው የቆየ ነገር በአዲስ ወረቀት ተመልሷል። ወረቀቱ ይጠቅማል፤ ባንክ ያበድርበታል፣ ዳኛ ይፈርድበታል። በርስትና በሚስት ቀልድ የለም የሚል ሕዝብ ልጅ የወረቀትን ዋጋ አያቃልልም። ሆኖም ወረቀቱ የሚመልሰው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ «የማን ነው?» የሚለውን። ከዚያ ማሳ ማን ማን እንደሚበላ የሚጻፍበት ቦታ የለውም።

ቹኩፓን የሚለው ቃል ግን ሁለቱንም ይዞ ነበር። የበቃው ሰው ለራሱ የሚበላው ብቻ ሳይሆን ለጎረቤት ድግስ የሚያመጣው፣ በአጨዳው ቀን ለመጣችው ሴት የሚለካላት ያለው ነው። በኢሞጊሪ ኮረብታ ላይ የተቀበሩት ነገሥታት አገሩን ሁሉ የእኛ ነው ሲሉ ኖሩ። ከኮረብታው ሥር ያሉት ደግሞ አንድ ሄክታር ትበቃናለች አሉ፤ ብዙዎቹ ሳያገኟት ሞቱ። የፓሆምን ታሪክ ያነበበ ሰው የስሪሃርጆንም ሰዎች መልስ ከጎኑ ያስቀምጠው። ብዙ የፈለጉትን የሚገሥጽ ታሪክ ሞልቶናል፤ ትንሽ ፈልገው ስላጡት የተጻፈው ግን ጥቂት ነው።